ዝምታ ቆራጩ ፕለጊን

ሰመራ ላይ ቪዲዮ ስሰራ በኖርኩባቸው ዓመታት ኮምፒውተሬ ላይ በገንዘብ የተገዛ አንድም ፕለጊን አልነበረም። ልብ የሚበታትነው፣ እርግብ የሚያበረው፣ የሙሽራን ስም በወርቅ የሚጽፈው፣ የፊት ቆዳ የሚያለሰልሰው፣ ከድምፅ ላይ ንፋስ የሚጠርገው፣ ሁሉም ነጻ ነው። ፕለጊን ማለት ቪዲዮ መቁረጫው ሶፍትዌር ላይ የሚጨመር ትርፍ እጅ ነው። ሶፍትዌሩን አንዱ ይሰራዋል፤ ፕለጊኑን ደግሞ የት አገር እንዳለ የማይታወቅ ሌላ ሰው ሰርቶ ዝም ብሎ ይለቀዋል። ለምን በነጻ እንደሚሰጡ ጠይቄ አላውቅም። የሰጠኝን አላህ ይስጠው ብዬ እጭናለሁ።

የሚመጡልኝ በሁለት መንገድ ነበር። ወይ ከቴሌግራም ቻናል፣ ኔትወርኩ ልብ የገዛ ቀን፤ ወይ በከባድ መኪና። አዎ፣ በከባድ መኪና! ጅቡቲ ኢንተርኔቱ ፈጣን ነው። ወደብ ላይ ጭነት ሲጠብቁ ሦስት አራት ቀን ለሚውሉ ሾፌሮች የምፈልገውን በወረቀት ጽፌ ፍላሽ እሰጣቸዋለሁ፤ ሞልተው ይመለሳሉ። አገሩ ሁሉ በዚያ መንገድ ስንዴና ብረት ሲያስጭን እኔ እርግብና ልብ አስጭናለሁ።

ሙያውን የተማርኩት አዋሽ ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ በነበረ አንድ ፎቶ ቤት። ከትውልድ ከተማዬ ከሐይቅ ስወጣ እናቴ «ካሜራ ይዞ መዞር ለሴት ምን ይባላል?» ብላ ነበር። የሚባለው እንጀራ ነው። የእስልምና ሰርግ ላይ የሴቶቹ ድንኳን ወንድ ካሜራ አይገባበትም፤ ሴት ካሜራ ደግሞ በዚያ መስመር ብርቅ ነበርን። ሰመራ መሥሪያ ቤቱም ሰርጉም ሲበዛ ወደዚያው ወጣሁና ቪዲዮ ቤት ከፈትኩ። ከሰመራ እስከ ሎግያ፣ ከዱብቲ እስከ አሳይታ ያገባች ሴት ሁሉ በኔ እጅ አልፋለች ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ከፕለጊኖቹ ሁሉ የምወደው ዝምታ ቆራጩን ነበር። ሥራው ቀላል ነው። የተቀዳውን ንግግር ያዳምጥና ድምፅ የሌለበትን ቦታ ሁሉ ቆርጦ የቀረውን ያጋጥመዋል። መጀመሪያ የሞከርኩት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባ የቀረጸ ሰው ያውቀዋል፤ ተናጋሪው «እንግዲህ...» ይልና ውሃ ይጠጣል፣ ወረቀት ይገልጣል፣ ኤሲው ላይ ያፈጣል፣ ከዚያ «እንግዲህ...» ብሎ ይደግመዋል። ሦስት ሰዓት የፈጀውን ስብሰባ ፕለጊኑ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል አወረደልኝ። ያሠራኝ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ አይቶ «እኚህ ሰውዬ እንዲህ አንደበተ ርቱዕ ነበሩ እንዴ!» ብሎ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲህ ሰው የሚናገርበት ነገር ሁሉ መጀመሪያ በዝምታ ቆራጩ ያልፋል። ከፍቼ እንኳ አላየውም። እንደ ወንፊት ነበር የያዝኩት።

አንድ ጠባዩ ግን ያናድደኛል። የቆረጠውን አይጥልም። ለብቻው ፎልደር ከፍቶ እያንዳንዷን ቁራጭ ቁጥር እየሰጠ ያጠራቅማታል። አቦ፣ ዝምታ ምን ይሰራልሃል? ዲስኬን በባዶ ነገር ይሞላብኛል። ሲሞላ እየገባሁ አጠፋዋለሁ።

እናቴ የሞተች ጊዜ ሎግያ የሦስት ቀን ሰርግ ይዤ ነበር። እህቴ በጠዋት ደውላ «እማ አረፈች» አለችኝ። «ኢና ሊላሂ» አልኩ። «ከዙህር ሶላት በኋላ ትቀበራለች፤ ለእሱ አትደርሺም። ግን ነይ» አለችኝ። ከሰመራ ሐይቅ በሚሌና በባቲ አድርጎ ቀን አይሞላም። «እመጣለሁ» አልኳትና ባትሪዬን ከቻርጅ ላይ ነቅዬ ድንኳን ገባሁ። ለራሴ የነገርኩት ሌላ ሴት ካሜራ የለም፣ ሙሽራይቱ ምን አጠፋች የሚል ነው። እውነቱን ልናገርና፣ ምንም አልተሰማኝም። ሙሽራይቱን ሂና ሲቀቧት ብርሃኑን አስተካከልኩ፣ እጇን አቅርቤ አነሳሁ።

ሰርጉ ካለቀ በኋላም አልሄድኩም። ለቅሶ ቤት ደረቅ ዐይን ይዞ አይገባም። አክስቶቼ በር ላይ ቆመው ያዩኛል፤ እናቷን ያላጠበች አንሶ እንባ የሌላት ልጅ መጣች ይባላል። እና ሐዘኑ ሲመጣ እሄዳለሁ አልኩ። አንድ ሳምንት ጠበቅኩት። አንድ ወር ጠበቅኩት። አልመጣም። እህቴ ከለቅሶው ድንኳን የቀረጸችውን ቪዲዮ ላከችልኝ። የሐይቁ ንፋስ ድንኳኑን ያራግበዋል፣ ሴቶቹ ይታያሉ፣ ድምፁ ሁሉ ንፋስ ነው። ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ሶፍትዌሩ ላይ ጫንኩትና ንፋስ ጠራጊውን ለቀቅኩበት። ጠረገው። ከንፋሱ ጋር ለቅሶውንም ጠረገው፤ የሰው ዋይታ ንፋስ መስሎታል። ሴቶቹ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ደረታቸውን ይይዛሉ፣ ድምፅ የለም። «ጥሩ ይሰራል» አልኩ። ወላሂ፣ ያልኩት ይህንኑ ነው።

ስምንት ወር እንዲሁ አለፈ። ሰመራ ላይ እናቴ መሞቷን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። አልነገርኩም፤ ብነግር ሰው መጥቶ ይቀመጣል፣ እኔ ፊቱ ምን ሆኜ እቀመጣለሁ?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አንዲት የአፋር ሴት ቪዲዮ ቤቴ ገባች። እዚያው ሰመራ መሥሪያ ቤት የምትሰራ፣ አማርኛዋ እንደ ውሃ የሚወርድ ሴት ነች። አባቷ ዱብቲ ተኝተዋል፤ ዳሌያቸው ተሰብሮ ከአልጋ አይወርዱም። የአባቷ ታላቅ ወንድም ደግሞ አዋሽ ናቸው። እሳቸውም ታመው ሐኪም ቤቱ ወደ ቤታችሁ ውሰዷቸው ብሏል። ሁለቱ ወንድማማቾች ከተኳረፉ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

«በምን ተጣሉ?» አልኳት።

«አያቴ ሲሞት አባቴ አልተገኘም። ያኔ የጅቡቲ መስመር ሾፌር ነበር። መርዶው መንገድ ላይ ደረሰው፤ ጭነት ይዣለሁ ብሎ አልፎ ሄደ። አጎቴ ከዚያ ወዲህ አናግሮት አያውቅም። አሁን አባቴ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ሊለው ይፈልጋል። አንዳቸው ሳይሞቱ።»

«በስልክ አይሉትም?»

«ፊት ሳይታይ?» አለችኝ፣ ምን ዓይነቷ ናት በሚል አይን።

ጭነት ይዣለሁ ብሎ አልፎ ሄደ ያለችው ነገር ጆሮዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ለሐሙስ ቀጠርኳት።

ሐሙስ ዱብቲ ወረድኩ። ሽማግሌው በትራስ ተደግፈው፣ ንጹህ ሽርጥ ለብሰው ጠበቁኝ። በሾፌርነት ስለኖሩ አማርኛ ያውቃሉ። ካሜራዬን ሳቆም «ልጄ፣ ከዚህ ነገር አጠገብ በርጩማ አስቀምጪልኝ» አሉ።

«ማን ሊቀመጥበት ነው፣ አባቴ?»

«የማናግረው ሰው።»

ሽማግሌ ያለውን መፈጸም ነው፤ ባዶ በርጩማ አስቀመጥኩ። መናገር ሲጀምሩ ሌንሱን አላዩም፤ በርጩማውን ነው ያዩት። በአፋርኛ ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ። ይናገራሉ፣ ዝም ይላሉ። አንዳንዴ ዝምታው ከንግግሩ ይረዝማል። እኔ ዘጠኝ ዓመት እዚያ ኖሬ አፋርኛዬ ከሰላምታ አያልፍም፤ ያሳፍራል፣ ግን እውነት ነው። ከካሜራው ኋላ ላቤን እየጠረግሁ ስልኬን እነካካለሁ። ልጃቸው በሩ ጥግ ቆማ ታዳምጣለች። ሃምሳ ሁለት ደቂቃ ፈጀ።

ሰመራ ተመልሼ እንደ ልማዴ በዝምታ ቆራጩ አሳለፍኩት። ሃምሳ ሁለቱ አስራ ዘጠኝ ሆነ። ጎበዝ አልኩት። መጨረሻው ላይ እርግብ ልጨምር አስቤ ነበር፤ ከዚያኛው ጉድ እንኳ አላህ አወጣኝ። ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለሴትዮዋ ሰጠኋት፤ እሷም ጊዜ ሳታጠፋ ወደ አዋሽ ለሚወርድ ዘመዷ ሰጠችው። ቅዳሜ ሰርግ ስለነበረኝ የካሜራዬን ካርድ ፎርማት አደረግኩ። ከኮምፒውተሩም ላይ ሃምሳ ሁለት ደቂቃውን አጠፋሁ፣ ቦታ ይዞብኝ።

በሁለተኛው ሳምንት ሴትዮዋ ተመለሰች። ከፊቷ ላይ ምንም አይነበብም። «አጎቴ አየው» አለችኝ።

«እሰይ!» አልኩ።

«ምን እሰይ አለው? አስር ደቂቃ ሳይሞላ አጥፉት አለ። ‹ይሄ ሰው ዛሬም ቸኩሏል። የአባታችንን ቀብር ቸኩሎ አለፈው፤ አውፍ በለኝ ሲልም ትንፋሽ አይወስድም። ጭነት አለበት መሰለኝ፣ ይሂድ› አለ። ቪዲዮውን አስመጥቼ አየሁት። አባቴ እንዲህ አልተናገረም። እኔ እዚያ ቆሜ ነበር። ምን አደረግሽው?»

ጥፋቴን ስሰማ የሚቀድመኝ ቁጣ ነው፤ ከእናቴ የወረስኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው። «ምን አደረግኩት ትያለሽ? አሳጠርኩት! ማን ቁጭ ብሎ ሃምሳ ደቂቃ ያያል?»

«ምኑን ነው ያሳጠርሽው?»

«ዝም ያሉበትን ነዋ።»

ዳጉ ታውቂያለሽ ወይ አለችኝ። ማን የማያውቅ አለ? አፋር ከአፋር መንገድ ላይ ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ምን አየህ፣ ምን ሰማህ ይባባላል፤ በአዋሽ የተነገረ ዜና ጅቡቲ ለመድረስ ስልክ አይፈልግም። እኔ ወሬ ነው ብዬ ነው የማውቀው።

«ዳጉን አንድ ሰው ብቻውን አይናገረውም» አለችኝ ቀስ ብላ። «አንዱ ይናገራል፤ ያኛው እህ ይላል፣ ይጠይቃል፣ ያስባል። ተናጋሪው ይጠብቀዋል። አባቴ ዝም ያለው አጎቴ እንዲመልስለት ነው። አንቺ የቆረጥሽው የአጎቴን ተራ ነው።»

«በቃ፣ ነገ ሄደን እንደገና እንቅረጻቸው» አልኩ።

«አባቴ ከሳምንት በፊት አንደበቱ ተይዟል። ቃል አይወጣውም። በገባሁ ቁጥር በሩን በሩን ያያል፤ አየው ወይ ማለቱ ነው። ምን ልበለው?»

እዚህ ላይ ደነገጥኩ፣ አለቀስኩ ብል ያምራል። አልሆንኩም። ያሰብኩት ፎልደሩን ነው። እዚያው እሷ ቆማ ከፈትኩት። ስንፍናዬ ይባረክ፣ አላጠፋሁትም። ሁለት መቶ አስራ ሰባት ዝምታ፣ ከአንድ ጀምሮ ቁጥሩን ይዞ ተደርድሯል።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይሉ የለ? ሁለት ቀን ሙሉ ለቀምኩ። ቪዲዮ ቤቴን ዘግቼ፣ መብራት ሲሄድ እየጠበቅኩ፣ ሲመጣ እየቀጠልኩ፣ አንዱን ዝምታ አንስቼ በሁለት ንግግር መካከል መመለስ። ፕለጊን የለውም፤ በእጅ ነው። ሳልወድ እያንዳንዷን አየኋት። ሽማግሌው በርጩማውን ያያሉ። ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ ሰው እንደመለሰላቸው። አንዱ ላይ እጃቸውን ሊያነሱ ይሉና ይተዉታል። መቶ ሠላሳ ስድስተኛው ከሁሉ ይረዝማል፣ አራት ደቂቃ ይሞላዋል። እንባቸው ይወርዳል፤ አይጠርጉትም፣ ፊታቸውንም አያዞሩም፣ በርጩማውን እያዩ ይጠብቃሉ። ይህን ሁሉ ነው ፕለጊኑ ባዶ ነው ብሎ የቆረጠው። እንባ ድምፅ የለውም፤ እሱ ምን ያድርግ? እኔ ነኝ እንጂ ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን የነካካሁት።

ቦታው መለስኩትና ወደ ቀጣዩ አለፍኩ። ከዚያ ተመልሼ አየሁት። ደግሜ አየሁት። አሁንም ምንም አልመጣም፤ ግን ዐይኔን ላነሳ አልቻልኩም።

ሲያልቅ ለፍላሽ አላመንኩትም። «እኔው ራሴ እወስደዋለሁ» አልኳት። በማግስቱ ማለዳ እሷና እኔ ላፕቶፔን እንደ ሕጻን ታቅፈን በሚሌ፣ በገዋኔ አድርገን አዋሽ ወረድን። የተማርኩበት ፎቶ ቤት ሞባይል መሸጫ ሆኗል። ታላቁ ወንድም ባቡር ጣቢያው ላይ በዘበኝነት ኖረው ያረጁ ሰው ናቸው፤ አማርኛቸው ከኔ ይጠራል። አጥንታቸው ወጥቷል። እኛን ሲያዩ አልተደሰቱም፣ አላባረሩንምም።

«የወንድምዎን ቃል ቆርጬ ያበላሸሁት እኔ ነኝ፣ አባቴ» አልኳቸው። «ወንድምዎ አልቸኮሉም። የቸኮልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ይዩት።»

ላፕቶፑን አልጋቸው ፊት በርጩማ ላይ አስቀመጥኩ። በርጩማው ከነበረበት አንግል ስለተቀረጸ ታናሽየው በቀጥታ ታላቁን የሚያዩ ይመስላሉ። ተናገሩ፤ ዝም አሉ። ታላቁ ግንባራቸውን ቋጠሩ። ተናገሩ፤ ዝም አሉ። ሦስተኛው ዝምታ ላይ ታላቁ «እህ» አሉ፣ ሳያስቡት ይመስለኛል። አራተኛው ላይ አንድ ነገር ጠየቁ። የሚገርመው፣ ጥያቄያቸው ሲያበቃ ስክሪኑ ውስጥ ያሉት ራሳቸውን ነቅንቀው ቀጠሉ። ሰባ ዓመት የተዋወቁ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ልክ ያውቃል። ስልኬን አውጥቼ ታላቁን መቅረጽ ጀመርኩ። አራት ደቂቃው ሲደርስ ታላቁ ምንም አልመለሱም። አብረው ዝም አሉ።

ሲያልቅ ጥቂት ቃል ተናገሩ። ሴትዮዋ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

«ምን አሉ?» አልኳት።

«‹ጭነትህን አራግፍ› አለው። ‹አውፍ ብያለሁ።›»

ላፕቶፔን ልዘጋ ስጎነበስ ታላቁ «አንቺስ?» አሉኝ በአማርኛ። «መንገድ የመጣ ሰው ዳጉ ሳይጠየቅ አይሄድም። ከየት ነሽ?»

«ከሐይቅ፣ ከወሎ።»

«ምን አየሽ? ምን ሰማሽ?»

ገዋኔ ላይ ዝናብ እንደጣለ፣ ሚሌ አጠገብ መኪና እንደወደቀ ነገርኳቸው። «እህ» አሉ። «ቤተሰብሽስ?»

ደህና ናቸው ልል አፌን ከፈትኩ። ዳጉ ላይ አይዋሽም ይላሉ።

«እናቴ ሞተች» አልኩ።

«እህ። መቼ?»

«ስምንት ወሯ።»

«ማን አጠባት?»

«እህቴና አክስቶቼ።»

«አንቺስ?»

«ሥራ ላይ ነበርኩ።»

ዝም አሉ። አላህ ይርሐማት እንኳ አላሉም፤ እያዩኝ ጠበቁ። ያንን ዝምታ አውቀዋለሁ፤ ሁለት መቶ አስራ ሰባቱን በእጄ መልሻለሁ። የኔ ተራ ነበር። ስለ ሰርጉ ነገርኳቸው፣ ስለ ሂናው፣ ንፋስ መስሎት ስለተጠረገው ለቅሶ፣ ደረቅ ዐይን ይዤ መሄድ ስላፈርኩት። ባቆምኩ ቁጥር «እህ» ይላሉ። ጨረስኩ ስል ደግሞ ይጠብቃሉ፣ ሌላ ይመጣል። እንዳልጨረስኩ እንዴት እንዳወቁ እንጃ።

መጨረሻ ላይ «አላህ ይርሐማት» አሉ። ቀጥለው «የሐይቅ መንገድ በሚሌ አይደለም?» አሉኝ።

«ነው።»

«እህ» አሉና ዐይናቸውን ጨፈኑ።

በማግስቱ ስንመለስ ሚሌ ላይ ወረድኩ። ሴትዮዋ ለምን አላለችኝም። ታላቁን በስልኬ የቀረጽኩትን በፍላሽ ገልብጬ ሰጠኋት፤ ወደ ዱብቲ ይዛው ቀጠለች። በኋላ እንደነገረችኝ አባቷ አይተው ሲያበቁ ዐይናቸውን ከበሩ ላይ አነሱ። እኔ የባቲ ሚኒባስ ውስጥ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩና ለእህቴ ደወልኩላት።

«እየመጣሁ ነው» አልኳት።

ዝም አለች። መኪናው ተነሳ፣ ዳገቱን ጀመረ፣ እሷ አሁንም ዝም እንዳለች ናት። ድሮ ቢሆን ኔትወርክ ነው ብዬ እዘጋው ነበር። ዐይኔ ያን ጊዜም ደረቅ ነበር። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ይዤ፣ እስክትናገር ጠበቅኳት።